የፈዘዘ ልብና የሞተ ልብ

ደም ለጊዜው ተቋርጦበት የነበረ የልብ ጡንቻ ደሙ ሲመለስለት ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል፣ ካልቀጠለም ሞቷል የሚለው አስተሳሰብ በሕክምናው ዓለም ለረጅም ዘመን ሳይመረመር ኖሯል። በሁለቱ መካከል ሌላ ሁኔታ እንዳለ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሕያውን ከሙት ለመለየት ያስቻለውም ጡንቻውን በመድኃኒት ቀስቅሶ ምላሹን መመልከት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1935 ሮበርት ቴናንትና ካርል ዊገርስ በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ የውሻን ልብ የሚመግበውን ደም ቅዳ ሥር አግደው ውጤቱን ተከታተሉ። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደም ያጣው ክፍል መኮማተሩን ተወ፤ ሌላው ጡንቻ ሲኮማተርም እርሱ ወደ ውጭ ይነፋ ጀመር። በ1960 ደግሞ ሮበርት ጄኒንግስና ባልደረቦቹ ሕዋሳቱ መሞት የሚጀምሩት እገዳው 20 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ መኮማተር በአንድ ደቂቃ የሚቆም፣ ሞት ግን ብዙ ቆይቶ የሚመጣ ከሆነ፣ በመካከሉ ደም የተመለሰለት ጡንቻ ምን ይሆናል?

መልሱ የመጣው በ1975 ነው። ጊ ሄይንድሪክስ፣ ስቲቨን ቫትነርና ባልደረቦቻቸው ሙከራውን ያደረጉት በማደንዘዣ በተኙ ሳይሆን በነቁ ውሾች ላይ ነበር፤ ማደንዘዣ ራሱ ልብን ስለሚያደክም ይህ ጥንቃቄ የዋዛ አልነበረም። እገዳው ሲነሣ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ቶሎ ተስተካከለ። ጡንቻው ግን ከአምስት ደቂቃ እገዳ በኋላ ከሦስት ሰዓት በላይ፣ ከዐሥራ አምስት ደቂቃ እገዳ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ ደክሞ ቆየ፤ ኋላም አገገመ። በ1982 ዩጂን ብራውንዋልድና ሮበርት ክሎነር ሁኔታውን ተመትቶ ለጊዜው ራሱን ከሳተ ሰው ጋር አመሳስለው ስም አወጡለት። በአማርኛ «የፈዘዘ ልብ» ቢባል ከትርጉሙ አይርቅም።

ለባለሙያው ከስሙ ይልቅ የሚበልጠው በነዚያው ዓመታት የታየው ነገር ነው። የፈዘዘው ጡንቻ እንደ ዶፓሚን ያለ ቀስቃሽ መድኃኒት ሲሰጠው ከሞላ ጎደል እንደ ጤነኛው ተኮማተረ። ደም በሚመለስበት ጊዜ ካልሲየም ከልክ በላይ ወደ ሕዋሱ ይገባል፣ ጎጂ የኦክሲጅን ውላጆችም ይፈጠራሉ፤ በዚህ የተነሣ የሚኮማተሩት ክሮች ለካልሲየም ያላቸው ስሜት ይቀንሳል። መድኃኒቱ በየምቱ ተጨማሪ ካልሲየም በማቅረብ ጉድለቱን ይሸፍናል። የሞተ ጡንቻ ግን ምንም ቢቀሰቅሱት አይመልስም። በዝቅተኛ መጠን ዶቡታሚን እየተሰጠ በአልትራሳውንድ የሚደረገው የልብ ምርመራ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ደም ቅዳው አሁንም የጠበበ ከሆነ ግን በትንሽ መጠን የተሻሻለው ጡንቻ መጠኑ ሲጨመር መልሶ ይደክማል፤ ሥራው ሲበዛ የሚበቃውን ኦክሲጅን አያገኝምና። መድኃኒት ባበዙ ቁጥር ልብ ይበረታል ብሎ ማሰብ እዚህ ላይ ያሳስታል።

በኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት በየዕለቱ የሚፈተነው በልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት በ1989 አቋቋሙ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው ግን በ2009 ነው። እስከዚያ ድረስ ሕፃናቱ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ዛሬ በሩማቲክ የልብ ሕመም የተጎዳ የግምጃ ቤት ሕፃን በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቫልቩን ለመጠገን የልቡን የደም ፍሰት ራሱ ያቋርጣል፤ ፖታሲየም ባለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽም ልቡን ያቆማል። ማገጃው ተነሥቶ ልቡ እንደገና መምታት ሲጀምር አንዳንድ ጊዜ ይለግማል። በ1935 ዕውቀት ብቻ የሚፈርድ ሰው ጡንቻው ጠፍቷል ብሎ ተስፋ በቆረጠ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን የሚያውቅ ግን ሌላ የተበላሸ ነገር አለመኖሩን አጣርቶ፣ ዶቡታሚን ወይም አድሬናሊን አስጀምሮ የልቡን ግድግዳ ይመለከታል። ግድግዳው ከመለሰ፣ መድኃኒቱ በሰዓታት፣ ሲብስም በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ልቡም ያለ ድጋፍ መምታቱን ይቀጥላል።