አባባና የሌሊቱ ማሽን

ዛሬ የማወራችሁ ከፔታህ ቲክቫ፣ ከቤታችን ሳሎን ነው።

አያቴ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ነው የመጡት። ማታ ሲያንኮራፉ እንስቅ ነበር። ለካ በእንቅልፍ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው ይቋረጥ ኖሯል! ሐኪም ሲፓፕ አዘዘላቸው። በሦስተኛው ሌሊት ጭምብሉን አውልቀው "ይሄ ነገር አፍኖ ሊገድለኝ ነው" አሉ።

እኔም የማሽኑን ታሪክ ፈልጌ ነገርኳቸው። ድሮ ሕመሙ ለጠናበት ሰው መፍትሔው ጉሮሮን መብሳት ነበር። በ1980 ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ሕመምተኛ "አልበሳም" አለ፤ አዲስ ነገር ለመሞከር ግን ፈቀደ። ዶክተር ኮሊን ሱሊቫን በአፍንጫው በኩል አየር ነፉለት። የአየሩ ግፊት ጉሮሮውን ከፍቶ ያዘው፤ ሰውየውም ተኛ። በ1981 የአምስት ሕመምተኞች ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የዚያን ጊዜ ጭምብል ደግሞ በየማታው ፊት ላይ በማጣበቂያ ነበር የሚለጠፈው።

አባባ ዝም ብለው ሰሙኝና "የኔስ ቢያንስ ይወልቃል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ሬዲዮ እየሰሙ ግማሽ ሰዓት ያደርጉት ጀመር። ጭምብሉንም በልካቸው አስቀየርን። አሁን ሌሊቱን አብዛኛውን አድርገውት ይተኛሉ።

እኔን ግን የሳቅኩባቸው ሌሊቶች ይቆጩኛል። እናንተም ቤት የሚያንኮራፋ ሰው ትንፋሹ ቆም ሲል ከሰማችሁ አትሳቁ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።