የአክሱም ሐውልቶች ንድፍና የፎቶግራፍ መስታወት

ዐይን የለመደውን ነገር ብዙ ጊዜ አያይም። የመሶቡን ስፌት፣ የነጠላውን ጥለት፣ የግንቡን ድንጋይ ድርድር በየቀኑ እያለፍነው እንኖራለን፤ አንድ ሰው ከአካባቢው ለይቶ በፎቶግራፍ ባሳየን ጊዜ ግን እንደ አዲስ ነገር እንደነቅበታለን። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንናገር ያሰብነው ይህ የማየት ዘዴ በአክሱም ላይ ስለ ሠራው ሥራ ነው። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአክሱም ርቆ ነው። በ1858 ዓ.ም. አልብሬክት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ መሐንዲስ በቬትስላር ከተማ የሚገኘውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሲለካ ከከፍታው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ፣ ሰው ነፍሱን ሳያስይዝ ሕንፃን በፎቶግራፍ መለካት አይቻልምን? እያለ ያወጣ ያወርድ ጀመር። አሳቡም ፍሬ አፍርቶ በ1885 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ የሚሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በበርሊን ተቋቋመ፤ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆኑ የመስታወት ሰሌዳዎችም የአገሩን ሕንፃዎች ያነሣ ነበር። ይህን መሥሪያ ቤት ኋላ የመራው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ በ1906 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት አክሱም ከደረሱት የጀርመን ሊቃውንት አንዱ ነበር።

እነዚህ ሰዎች በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ጥቂት ወራት ቈይተው ሐውልቶቹን ለኩ፣ ነደፉ፣ ፎቶግራፍ አነሡ። ሥራቸውም በ1913 ዓ.ም. በአራት ቅጽ በርሊን ላይ ታተመ። ገጾቹን ስንገልጥ የሚያስደንቀን የሐውልቶቹ ቁመት አይደለም፤ የወደቀው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የሚያስደንቀን ድግግሞሹ ነው። መስኮት በመስኮት ላይ ይወጣል፤ በየደርቡም መካከል በተለምዶ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ክብ ጉብታዎች ተርታቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። በእኩለ ቀን ፀሐይ ይህ ሁሉ ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ጠዋት ወይም ወደ ማታ በጎን ሲመታው ግን እያንዳንዱ ጉብታ ጥላውን ይጥላል፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ይህን ሰዓት ይጠብቃል።

ታዲያ ይህ ተርታ ከምን መጣ? መልሱ በደብረ ዳሞ ይገኛል፤ ወንዶች ብቻ በገመድ ተስበው በሚወጡበት አምባ ላይ። የጥንቱ ግንበኛ ግድግዳውን በድንጋይና በጭቃ ሲያቆም፣ እንዳይፈርስበት በየመካከሉ ረጃጅም እንጨት ያጋድማል፤ እነዚያንም ግድግዳውን አልፈው በሚወጡ አጫጭር እንጨቶች ጠፍሮ ይይዛቸዋል። የዝንጀሮ ራስ የተባለው የነዚህ አጫጭር እንጨቶች ጫፍ ነው። እንግዲህ በደብረ ዳሞ ጕልበት የሆነው በሐውልቱ ላይ ጌጥ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ ወጥ ድንጋይ ማሰሪያ አያሻውምና። ጠራቢው ለምን እንዳልተወው ስናስብ፣ ያለዚህ ቤት ቤት አልመስል ቢለው ይሆናል እንላለን። ከብዙ ዘመንም በኋላ በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች የእንጨቱንና የድንጋዩን መደዳ በአለቱ ላይ እንደገና ቀርጸውታል።

በደብረ ዳሞ ጣራ ሥር ደግሞ አንበሳ፣ ዝሆንና ሌላም አውሬ የተቀረጸባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ፤ ስለነሱ ለብቻ መጻፍ ያሻል።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። በ1906 ዓ.ም. የመጡት ሊቃውንት ንድፉን ወሰዱ፣ ድንጋዩን በስፍራው ተዉ። በ1937 ዓ.ም. የመጣው የፋሺስት መንግሥት ግን ተሰባብሮ የወደቀውን፣ 24 ሜትር ያህል የሆነውን ሐውልት ራሱን ወደ ሮማ አጋዘ። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2008 ዓ.ም. በስፍራው ቆመ። ታአካ ማርያም የሚባለው ታላቅ ቤተ መንግሥት ዕድል እንዲህ አልሆነም። ጀርመኖቹ መሠረቱን ቈፍረው ነድፈውት ነበር፤ ኋላ በጠላት ወረራ ጊዜ ጣልያኖች መንገድ ሲጠርጉ በፍርስራሹ ላይ አሳለፉት። ዛሬ የአዳራሾቹን አቀማመጥ ማወቅ የሚሻ የአክሱም ልጅ በከተማው ዳር ቆሞ የሚያየው መንገዱን ነው፤ የቤቱን ንድፍ ለማየት በጀርመንኛ የተጻፈውን የ1913 ዓ.ም. መጽሐፍ መግለጥ አለበት።