ዶቃው ከባሕር ማዶ፣ ክሩ ከአምባሰል

ስለ ወሎ አለባበስ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከሸማ ተነሥቶ በሸማ ያልቃል። ፈታይዋ፣ ሸማኔው፣ ጥለቱ፣ መቀነቱ በየተራቸው ይወሳሉ፤ አንገት ላይ ሲደረስ ግን ዶቃውም ጨሌውም ዛጎሉም ድሪውም «ጌጣጌጥ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ይታለፋል። ምክንያቱ አይሰወርም። ጥጡ ከማሳችን የበቀለ፣ ሸማኔውም ጎረቤታችን ነው፤ ዶቃው ግን መርከብና ግመል ያመጣው የሰው አገር ብርጭቆ በመሆኑ ከጥበባችን ታሪክ ቦታ አይገባውም ይባላል። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። በሐይቅና በአምባሰል፣ ሰፋ ሲልም ከአፋር ቆላ እስከ ደሴ ደጋ ባለው አገር፣ የዶቃ ጥበብ ያለው በአሰካኩ ላይ ነው። ፍሬውን የትም ያለ ምድጃ ሊያወጣው ይችላል፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰካ፣ ስንት እንደሚሆን፣ በማን አንገት እንደሚውል የወሰነችው ክሩን የያዘችው ሴት ናት።

የዶቃው መንገድ ረጅምና አሮጌ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የነጋዴዎች መምሪያ፣ ፔሪፕለስ የሚባለው፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የብርጭቆ ፈርጦችን ይቆጥራል። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1291 ቬኒስ የብርጭቆ ምድጃዎቿን ሙራኖ ወደምትባል ደሴት አዛወረች። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳም የተጻፈው ከዚህ ዐሥር ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ1280 ወይም በ81 ነው። አንዷ ደሴት ብርጭቆ ስታቀልጥ ሌላዋ ብራና ትፍቅ ነበር ማለት ነው፤ በኋላ የአንዷ ሥራ ወደ ሌላዋ አገር ደረሰ። የቬኒስና የቦሄሚያ ብርጭቆ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚለቀመው ዛጎል፣ ቢጫው አምበር ቀይ ባሕርን ተሻግረው በታጁራና በሌሎቹ ወደቦች በኩል ወደ አፋር ሜዳ ገቡ፤ ከዚያም ባቲ። ቆለኛው ጨውና ከብት፣ ደገኛው እህል ይዞ ሰኞ ሰኞ የሚገናኝበት የባቲ ገበያ ለዶቃው የደጋ በር ነበር። ከባቲ የተነሣ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ይወጣል፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ያለው የአምባሰል አገር፣ ውጫሌ ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ባቲና አምባሰል ተብለው መጠራታቸውን ሳስብ፣ ሸቀጥና ዜማ በአንድ መንገድ የተጓዙ ይመስለኛል።

«ታዲያ ራስህ እንዳልከው ከውጭ የመጣ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። አዎ፣ መጥቷል። ግን ይህ መለኪያ ከተያዘ ጥለቱም ይወድቃል፤ የጥለቱ ቀይና ሰማያዊ ክር ብዙ ዘመን ከባሕር ማዶ ከመጣ ሐርና ጨርቅ እየተተረተረ የተሸመነ ነው። የድሪውና የመስቀሉ ብርም እንዲሁ፤ ከፊሉ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ካለበት ጠገራ ብር የቀለጠ ነው። ጥለቱንና መስቀሉን ባዕድ ያላለ ሰው ዶቃውን ባዕድ ሊል አይችልም። ደግሞም ዶቃ ገዢዋ የመጣላትን ሁሉ አጎንብሳ የተቀበለች አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ዶቃ በመንገድ ላይ ለዕለት ስንቅ መግዣ እንደሚያገለግል ጽፎ፣ ነጋዴውን የሚያስጨንቀውን ነገርም ይነግረናል፤ አንድ ዓመት የተወደደው ቀለምና መጠን በሌላው ዓመት ዘወር ብሎ የሚያየው ያጣል። ብሩስ የጻፈው ስለ ሰሜኑ መንገድ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለወሎም ይሠራል። የአውሮፓው ምድጃ ምን ቀለም ቢያወጣ እንደሚያዋጣው የሚወስነው በመጨረሻ እዚህ ያለ የሴቶች ምርጫ ነበር። ምርጫ ባለበት ጥበብ አለ።

ምርጫው ከቀለም መውደድም ያልፋል። በወሎ አንገት የሚነበብ ሰነድ ነው። ክርስቲያኑ ልጅ ሲጠመቅ ማተብ ያስራል፤ ማተቡ ላይ መስቀል፣ ቀለበት፣ የብር ጆሮ መኮርኮሪያ፣ አንዳንዴም ዶቃ ይታከላል። የኦርቶዶክሱ መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ ይኖረዋል፤ 64ቱን በእመቤታችን ዕድሜ ይተረጉሙታል። የሙስሊሙ ተስቢህ 33 ወይም 99 ነው፤ 99ኙ የአላህ ስሞች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እንጨቱ ወይም ብርጭቆው ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ነጋዴ ሊገዛ ይችላል፤ አንዱን መቁጠሪያ፣ ሌላውን ተስቢህ የሚያደርገው ቁጥሩና ቅደም ተከተሉ ነው፤ ትርጉሙ የተሰካው ክሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ከደሴ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በታዘዘ ጊዜ፣ ይህ የአንገት ንባብ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። የወሎው መሪ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ ብዙው ሕዝብ ደግሞ ቀን በአንድ እምነት፣ ማታ በሌላው ይኖር እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ጥምቀት ካለ ማተብ አለ። ማሰርና መፍታት፣ ከልብስ በላይ ማሳየትና ከልብስ በታች መሸሸግ የሰውን ዕጣ የሚናገር ነገር ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ የተሸከመ ክር «ጌጣጌጥ» በሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባውም።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ሃይማኖታዊው ነው። ጨሌ የሚለው ቃል ዛሬ ለብዙ ሰው ጆሮ ዶቃ ማለት መሆኑ ቀርቶ ውቃቢና ዛር ብቻ ሆኗል፤ ካህኑም ሼኩም ይገሥጹታል፣ በእሳት የተቃጠለውና ወንዝ የተጣለውም ጥቂት አይደለም። ተግሣጹ አዲስ አይደለም። በአምባሰል ምድር በግሸን አምባ ታስረው ከቆዩ በኋላ የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደስክና ዲኖ የተባሉትን ጣዖታት በሚያመልኩ ላይ በጽኑ ዘምተዋል። ሃይማኖታዊውን ፍርድ ለባለቤቶቹ መተው ይገባል፤ ሰው እምነቴ አይፈቅደውም ብሎ ጨሌውን ቢያወልቅ መብቱ ነው፣ አከብረዋለሁም። ነገር ግን ከእምነት መውጣትና ከታሪክ መውጣት አንድ አይደለም። ያው ፍሬ በዛር ቤት ሲታይ የሚወገዘውን ያህል፣ በሕፃን አንገት ላይ ዓይነ ጥላንና ቡዳን ይመልሳል ተብሎ ሲታሰር ማንም አልነካውም። የቆዳው አንቀልባ ዛጎልና ዶቃ ተሰፍቶበት እናቶችን ከነልጆቻቸው ያጀበው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነው፤ ቆዳ ፋቂው፣ ሰፊዋና አዛዪዋ አብረው የደከሙበት፣ ከእጅ ሥራዎቻችን በውበቱ ከፊት የሚሰለፍ ዕቃ። በዛር የተነሣ አንቀልባውንም አብሮ የረሳ ሰው አብዝቶ ጥሏል።

የቀረው የማስረጃ ጥያቄ ነው። እንደ ቦረና ወይም እንደ ሐመር ዶቃ ልብስ ሆኖ የሚታይበት ባህል በሐይቅ የለም፤ ስለዚህ የምታወራው ስለ ጥቂት ነገር ነው ሊባል ይችላል። ደጋው ብርድ ነው፣ ሸማው ይሸፍናል፤ ስለዚህ ዶቃው በጥቂት ስፍራ ተሰብስቦ ቀረ፣ በዚያው ልክ ትርጉሙ ጠነከረ። ደግሞ መዝጋቢው ማን ነበር? የዚህ አገር ትልቁ የጽሕፈት ቤት ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት የማትገባበት ገዳም ነው። አባቶች ገድል ጻፉ፣ ወንጌል ገለበጡ፣ ርስት መዘገቡ፤ የሴት አንገት በዓይናቸው ሥር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ መጀመሪያ የተደረገውን የግራኝ አህመድን ዘመቻ የጻፈው አረብ ፈቂህም የሐይቅን ደሴት ወርቅና ንዋየ ቅድሳት ይቆጥራል፤ የባላገሯ ዶቃ ምርኮ ሆኖ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ክር ይበሰብሳል። ብርጭቆ መቶ ዓመት መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል፣ የሰካችው እጅ ሥርዓት ግን ከክሩ ጋር ይጠፋል። በእኛ ዘመን ደግሞ መበስበስ ሳይጠበቅ መቀስ ደረሰለት፤ የቅርስ ነጋዴዎች የባቲን የአምበርና የብር ድሪ በሙሉ ገዝተው፣ በጥሰው፣ ለቱሪስት በሚጥም አዲስ ቅደም ተከተል እየሰኩ ሸጡት። ፍሬው ዛሬም በአዲስ አበባ የስጦታ መደብሮችና በውጭ አገር ስብስቦች አለ። አሰካኩ የለም።

የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፏል። እየተመለሰ በሚደራጀው ስብስብ ውስጥ ዶቃ ሲገባ «የአንገት ጌጥ፣ ብዛት አንድ» ተብሎ እንዳይጻፍ የሙዚየሙን ባለሙያዎችና የሐይቅን፣ የውጫሌን፣ የባቲን መምህራን እለምናለሁ። ማን ሰካችው፣ ለማን፣ ከየትኛው ፍሬ ቀጥሎ የትኛው፣ ስንት፣ በምን ክር የሚለው በሙሉ ይመዝገብ። በቤታችሁ የእናት ወይም የአያት ድሪ ካለ ደግሞ፣ ክሩ ሳስቷልና ልቀይረው ብላችሁ ከመበጠሳችሁ በፊት ዘርግታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ አሮጌውንም ክር አትጣሉት።