የፑድል ፀጉር ዕዳ

ፑድል ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ሪባን የታሰረለት፣ ሶፋ ላይ የሚውል የሀብታም ቤት ውሻ ነው። ፀጉሩን መቆረጡንም እንደ ቅንጦት እናየዋለን። «ለሰው ያልተገኘ ፀጉር ቤት ለውሻ!» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። የዘሩን ታሪክ ሳነብ ግን ነገሩን ተገላቢጦሽ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እስቲ ከስሙ እንጀምር።

ፑድል የሚለው ስም ከጀርመንኛ የመጣ ነው፤ ውሃ ውስጥ መንቦጫረቅን ከሚያመለክት ቃል። ፈረንሳዮቹ ደግሞ «ካኒሽ» ይሉታል፤ «ካን» ማለት ሴቷ ዳክዬ ናት። ሁለቱም ስሞች ሥራውን ነው የሚናገሩት። አዳኙ ዳክዬዋን ተኩሶ ሲጥል፣ ቀዝቃዛው ሐይቅ ውስጥ ዘሎ ገብቶ በአፉ ይዞ የሚያመጣው ይሄ ውሻ ነበር።

ያ የምንስቅበት አቆራረጥም የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ወፍራም ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ለዋናም አይመችም። ስለዚህ አዳኞቹ የኋላውን ይሸልቱለት ነበር። ደረቱ ላይና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ግን ብርድ እንዳይመታው ይተዉለታል። እግሩ ላይ የምናያት ድቡልቡል ፀጉር የሥራ ልብስ ነበረች በሉት።

ቆይቶ ፑድል ከሐይቅ ዳር ወደ ከተማ ገባ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ፣ ሴን ወንዝ ዳር፣ ልክ እንደኛ አገር ሊስትሮ ሣጥናቸውን ይዘው የሚቀመጡ የውሻ ሸላቾች ነበሩ። ሥራው ቀረ፣ ሽልቱ ግን አልቀረም። ሊቀርም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱ ፀጉሩ ራሱ ነው።

የብዙ ውሾች ፀጉር የተወሰነ ርዝመት ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያም ይረግፋል። የፑድል ግን እንደ ሰው ፀጉር ማደጉን አያቆምም። የሞተውም ፀጉር መሬት ላይ ከመውደቅ ይልቅ እዛው ጥቅልሉ ውስጥ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የውሾችን የፀጉር ዓይነት በአብዛኛው የሚወስኑት ሦስት ጂኖች ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰው ለራሱ ጥቅም ሲል እነዚህን እየመረጠ ሲያዳቅል ኖረ። ይህን ፀጉር የፈጠርነው እኛ ነን፤ መቀሱም የኛ ዕዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ሱተር የሚባል አሜሪካዊ፣ አላስካ ውስጥ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው የኢዲታሮድ የበረዶ ጋሪ ውድድር ላይ ፑድሎችን አሰልፎ ነበር። ሶፋ ላይ የሚውል ውሻ እንዲህ አይሞክርም! ያስቸገራቸው ግን ያው ፀጉራቸው ነበር፤ በረዶ እየያዘ ይቋጠርባቸዋል።

ወደኛው ልምጣ። ሠፈራችን ውስጥ ባለቤቶቹ ውጭ አገር ሲሄዱ ለግቢው ጥበቃ ትተውት የሄዱት ፑድል ነበር። ጥበቃው ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ ከምሳቸው ቀንሰው ያበሉታል። ስለ ፀጉሩ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። በወራት ውስጥ ፀጉሩ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ፣ በተራመደ ቁጥር ቆዳውን ይጎትተው ጀመር። የእንስሳት ሐኪም ሲላጨው ከሥሩ ቆስሎ ተገኘ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እኔ እኮ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው የተውኩለት» አሉ።

ስለዚህ ፑድል ያላችሁ ወይም ልትወስዱ ያሰባችሁ እነዚህን ያዙልኝ፦

1. ቢቻል በየቀኑ አበጥሩት። ላይ ላዩን አይደለም፤ ማበጠሪያው እስከ ቆዳው ይድረስ።

2. ከማጠባችሁ በፊት ቋጠሮውን ፍቱ። ውሃ ከነካው ይበልጥ ይጠብቃል። ቋጠሮን በመቀስ ለመቁረጥ አትሞክሩ፣ ቆዳውን ትቆርጡታላችሁ።

3. ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ይቆረጥ። ጥፍሩም አብሮ።

4. ጆሮው የተንጠለጠለ ነው፣ ውስጡም ፀጉር ያበቅላል። ከታጠበ በኋላ በደንብ አድርቁለት። ከሸተተ ወይም ጭንቅላቱን ደጋግሞ ካራገፈ ሐኪም ይየው።

5. ወጥ አትስጡት! ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

6. የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በጊዜው አስከትቡ። ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው ብላችሁ አትዘናጉ።

7. በየቀኑ ይንሸራሸር። የአዳኝ ዘር ነው፣ ታስሮ መዋል ያሳብደዋል።

ሰው ለሥራው የፈለገውን ውሻ ሠርቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ከነፀጉሩ ሊተወው አይገባም ባይ ነኝ። ሻንጣ የምታዘጋጁ ወዳጆቼ፣ ውሻችሁን ለሰው ስታስረክቡ ማበጠሪያውንም አብራችሁ አስረክቡ። አጠቃቀሙንም አሳዩ።