መኖር
በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን «ኑሩ» ሲላቸው የግሪኩ ግስ «ሜኖ» ነው፤ መቆየት፣ ማደር፣ አለመለየት። ከቁጥር 4 እስከ 10 ባለው ክፍል 10 ጊዜ ይመላለሳል። በምዕራፍ 1 ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ማደሪያውን ሲጠይቁት የተናገሩትም ይህንኑ ግስ ነው። ጳውሎስ ግን በገላትያ 2፥20 ክርስቶስ በእርሱ እንደሚኖር ሲመሰክር የመረጠው «ዛኦ»ን፣ በሕይወት መኖርን ነው።

አማርኛችን ሁለቱንም «መኖር» ይላቸዋል፤ እኔ ይህን እንደ ጸጋ አየዋለሁ። በውስጣችን ያደረው ጌታ እዚያው ሕይወታችንን ይኖርልናል፤ መውደዱም ይቅር ማለቱም ከእርሱ ይመነጫል። ቅርንጫፍ ከግንዱ ካልተለየ ፍሬው ይመጣል። እናም ቁጣ ሲገነፍልብኝ ጥርሴን ነክሼ ከመታገል ይልቅ «ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥትህን በእኔ ግለጥ» እላለሁ።