ማኅተምና ፊርማ

ባንክ ቤት ለሚሠራ ሰው ማኅተምና ፊርማ ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ማኅተም ሺህ ጊዜ ቢያርፍ ያው ነው፤ ፊርማ ግን ያው ሰው ሁለት ጊዜ ቢፈርም እንኳ ፍጹም አንድ አይሆንም። ሰነዱ የሚጸናው ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው። በንድፍ ደብተራቸው ላይ በሲልክ ስክሪን ምስል አትመው፣ በላዩ ደግሞ በብዕር የሚሥሉ ሠዓልያንን ሥራ ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። የሁለቱ ግንኙነት ታሪክም በአሜሪካዊው አንዲ ዋርሆል ሕይወት ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1949 ኒውዮርክ ገብቶ ለመጽሔቶችና ለጫማ ማስታወቂያዎች መሣል ጀመረ። አሣሣሉ እንግዳ ነበር። ሁለት ወረቀቶችን እንደ ደብተር ገጾች በፕላስተር ያያይዛል፤ ቀለም በማይመጠው ገጽ ላይ በብዕር ጥቂት መስመር ይሥልና ሳይደርቅ አጥፎ በሌላው ገጽ ላይ ይጫነዋል። ለሕዝብ የሚወጣው ሥዕል የመጀመሪያው ሳይሆን ግልባጩ ነው፤ እዚህ የተቆራረጠ፣ እዚያ የፈነጠቀ መስመር። እ.ኤ.አ. በ1954 በዚህ ዘዴ ላዘጋጀው የድመቶች መጽሐፍ ጽሑፉን በእጇ የጻፈችለት እናቱ ጁሊያ ነበረች። ከርእሱ አንዲት ፊደል ገደፈች፤ ልጇም ሳያርም እንዳለ አሳተመው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሲልክ ስክሪን ያዘ። ስልቱ ዛሬ በየሠፈሩ ቲሸርት የሚያትሙ ወጣቶች የሚያውቁት ነው፦ በፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ የተደፈነና ክፍት የተተወ ቦታ፣ ቀለሙን የሚገፋ የጎማ መጥረጊያ። በዚያው ዓመት ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ ስትሞት አንድ የማስታወቂያ ፎቶግራፏን ወስዶ በሸራ ላይ ሃምሳ ጊዜ አተመው፤ ሃያ አምስቱን በደማቅ ቀለማት፣ ሃያ አምስቱን ወደ መደብዘዝ በሚሄድ ጥቁር። ማኅተሙ ሲደጋገም ሰውየዋ እየጠፋች ሄደች።

የብዕሩ መስመር ግን ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ዋርሆል ድምፃዊ ሚክ ጃገርን ራሱ ፎቶ አንሥቶ ዐሥር ኅትመቶችን አዘጋጀ። በፎቶግራፉ ላይ የባለቀለም ወረቀት ቅዳጆች አሉ፤ በእነርሱም ላይ ከንፈሩንና ፀጉሩን እየተከተለ የሚሄድ፣ ግን ከፎቶግራፉ ጋር የማይገጥም የእጅ መስመር አለ። ያ መስመር ራሱ በስክሪን ያለፈ ነው፤ የእጁ መንቀጥቀጥ ሳይቀር በየቅጂው ተባዝቷል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ቅጂዎች ግርጌ ሠዓሊውና ጃገር የየራሳቸውን ፊርማ ባያኖሩ ኖሮ፣ በዚያ ወረቀት ላይ ያልተባዛ ነገር አይገኝም ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ኅትመት የታየውን ነገር ይሰጠናል፤ መስመር ግን ማን እንዳየው ይነግረናል። እኔም ግጥሜን በኮምፒዩተር ጽፌ አትምና በእስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ፣ እደልዘዋለሁ። የታተመው ቢጠፋብኝ ደግሜ አትመዋለሁ። ስርዝ ድልዙ ከጠፋ ግን ጠፋ ነው።