የልጅ ዕዳ ለአባት

አባቶቻችን ሲያወጉት የኖሩ አንድ የዳኝነት ጨዋታ አለ። አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲጫወት ቅርንጫፉ ይሰበርና ከሥር በቆመው ጓደኛው ላይ ይወድቃል። የወደቀው ይተርፋል፤ የተወደቀበት ይሞታል። የሟች እናት «ደም በደም ይመለስልኝ» ብላ ዳኛ ፊት ትቆማለች። ዳኛው አውጥተው አውርደው «መልካም፤ ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቁም፣ ሁለተኛው ልጅሽ ደግሞ ከላይ ይውደቅበት» ብለው ይፈርዳሉ። እናት ሁለተኛ ልጇን ላለማጣት ክሷን ትታ ትሄዳለች።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ቃል በማስተምርበት ዘመን ይህን ጨዋታ ስናነሳ ተማሪዎቹ በዳኛው ብልሃት ይስቁ ነበር። እኔን የምታሳስበኝ እናቲቱ ነች። ዳኛው ሁለተኛ ሞት አስቀሩ፣ እሰየው! እሷ ግን ባዶ እጇን ነው ወደ ቤቷ የተመለሰችው። ማንም ሳያስበው፣ ያውም በልጅ እጅ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍለው ማን ነው? ጨዋታው ይህን አይመልስም። እኛ ለመመለስ ብዙ ዘመን ፈጅቶብናል። መልሱ ከተገኘ በኋላም ደግሞ መሸሽ ጀምረናል።

መኪና አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና በስንት መከራ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከበ። የሚገርመው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ነበር፤ የፍርዱ ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ተሰጠ። መኪናና የፍርድ ሚኒስትር በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ የሚፈረደው በፍትሐ ነገሥትና በልማድ ነበር። ሰው የገደለ ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ወገን ወይ ደሙን ይመልሳል ወይ የደም ካሳ ይቀበላል። ካሳውን የሚያዋጣው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ዘመድ አዝማዱ ነው። በኦሮሞ የጉማ ሥርዓትም ቢሆን ሸክሙ የጎሳው ነው። በዚህ ዓይነት «ልጅ ነው፣ ምን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም ነበር፤ ልጁ ባይኖረው ወገን አለው።

ከተማ ይህን ወገን በተነው። አዲስ አበባ ላይ የተገጨ ሰው የገጪውን ጎሳ ከየት ፈልጎ ያገኛል? ስለዚህ ለወገን ምትክ የሚሆን አንድ ሰው መፈለግ ነበረበት። ያንን ሰው የፈለገው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። እሳቸው በተማሩበት የፈረንሳይ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከ1804 ጀምሮ አባት ልጁ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ሆኖም «ድርጊቱን ልከላከለው አልችልም ነበር» ብሎ ካስረዳ ነፃ ሊወጣ ይችል ነበር። የእኛው ሕግ ቁጥር 2124 ግን ይህን ቀዳዳ አልተወም። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ኃላፊነት ካለበት አባት ተጠያቂ ነው፤ አለቀ። የሥልጣኑ ባለቤት እናት በሆነች ጊዜ ደግሞ እሷ ትጠየቃለች።

ስለ መኪናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ቤልፎር በተባለች የፈረንሳይ ከተማ አንዲት ትንሽ ልጅ በጭነት መኪና ተጎዳች። ጉዳይዋ አምስት ዓመት ተንከባሎ በ1930 የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ መኪናውን በእጁ ያደረገ ወገን ጥፋት ባይገኝበትም ይክፈል ተባለ። የእኛ ቁጥር 2081 ከዚህ ጋር ይዛመዳል። መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይከፍላል። ማምለጫው ጠባብ ነው፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ወይም ተጎጂው ራሱ ጥፋት እንዳለበት ማስረዳት አለበት። ደግሞስ ለአገሬው እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ያመለጠች በቅሎ የጎረቤት ሰው ብትረግጥ የሚጠየቀው ባለቤቷ ነው። ሕጉም በቁጥር 2071 እንዲያ ይላል። መኪና ሣር የማትበላ በቅሎ ነች።

እንግዲህ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ወጣ እንበል። አባት «ሰረቀኝ እንጂ አልሰጠሁትም» ቢል፣ በ2081 በኩል ጠበቆች ይከራከሩበት ይሆናል። በ2124 በኩል ግን በሩ ዝግ ነው፤ ሌባውም የራሱ ልጅ ነው። «ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይላል ተረታችን። ሕጉ ተረቱን ገልብጦ የልጅን ዕዳ ለአባት አደረገው። በወንጀሉ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። ወንጀል ለአባት አይተላለፍም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጠየቅም፤ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ለማረሚያ የሚሆን ልዩ እርምጃ ይወሰድበታል፤ ከዚያ እስከ አሥራ ስምንት ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል። ባጭሩ ጥፋቱ የልጁ፣ ኪሱ የአባት ነው።

በወረቀት ላይ ያማረ ነው። መሬት ላይስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሽምግልና ተጠርቼ ሄድኩ። አንድ ወጣት የአባቱን መኪና ይዞ ወጥቶ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት እግር ሰብሯል። አባት ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን የመጀመሪያ ቃላቸው «ሲነዳ የነበረው ሾፌሬ ነው» የሚል ሆነ። ሾፌሩም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኛም «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይሆንም» አልናቸው። ደግሞም ምንም አይጠቅማቸውም ነበር። ሾፌሩ ነድቶ ቢሆንም እኮ መኪናው የሳቸው፣ ሠራተኛው የሳቸው ነው፤ ካሳው ከሳቸው አይወርድም። የሚለወጠው የሚታሰረው ሰው ብቻ ነው! ልጁ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ቀጥሎ የመጣው «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ነበር። ሴትዮዋ ገና በጀሶ ላይ ሆና ልትፈርም እጇን ዘረጋች፤ የቤት ኪራይ ደርሶባታል። «ሐኪሙ ጨርሻለሁ ሳይል አንፈራረምም፤ እስከዚያው ኪራዩን ይክፈሉላት» ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ከሦስት ወር በኋላ እግሯ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለገው። አባት ከፈሉ። ወረቀቱ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮስ?

ሽምግልናን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ደም ያደረቀ፣ ጎረቤት ያስታረቀ ሥርዓት ነው። ነገር ግን የጥንቱ ካሳ የሚታረቀው ወገንን ከወገን ጋር ነበር፤ ሁለቱም ወገን የሚፈራ ክንድ ነበረው። ዛሬ የሚታረቁት ባለመኪናና በቆሎ ጠባሽ ናቸው። በዚህ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ የካሳ ክስ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። «ትንሽ ታገሺ» እየተባለ ስንት ሁለት ዓመት አልፏል!

ሕጉም እንከን የለሽ አይደለም። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ለባለተሽከርካሪ ሁሉ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ለአንድ ሰው ሞት የተመደበው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። መድኑ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የተበተነውን ወገን በመዋጮ መልሶ እንደ መሰብሰብ ነው። ችግሩ ብዙ ባለመኪናዎች መድን የገቡ ለት ኃላፊነታቸውም አብሮ የተሸጠ ይመስላቸዋል። ጉዳቱ ከመድኑ ጣሪያ ሲያልፍ ትርፉን የሚጠየቀው ባለቤቱ መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

ነገሩ የሀብታም ልጆች ጉዳይ ብቻ አድርገን አንየው። መናኸሪያ ውስጥ «አዙራት» ተብሎ ሚኒባስ የሚሰጠው ረዳት፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ባጃጅ የሚያሽከረክረው ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅም አለ። እነሱን መሪው ላይ ያስቀመጣቸው ትልቅ ሰው ነው፤ ሕጉም የሚፈልገው ያንን ትልቅ ሰው ነው።

ልጁ መንዳት መቻሉን በኩራት የሚያወራ አባት ሳገኝ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «ቁልፉን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ ወዲያው ኪሱን ይዳብሳል።